የኩረንትን ለምድ በደብረ ብርሃን ማዘጋጀት፦ የስሎቬኒያን የፑስት ዙር በትምህርት ቤት ለማሳየት

ለሰሜን ሸዋ ሰው «ኩረንት የሚባሉት ጭምብል ለባሾች ክረምትን ያባርራሉ» ብሎ መንገር ገና ከበሩ መሳሳት ነው። ክረምት ለእኛ ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ የዝናብ ወራት በመሆኑ፣ እሱን አባርራለሁ የሚል ሰው የመንዝም ሆነ የተጉለት ገበሬ በክፉ ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም። በደብረ ብርሃን የአንድ ትምህርት ቤት የባህል ክበብ አስተባባሪ ሆኜ ይህን ልማድ ለተማሪዎች ባስተዋወቅሁበት የመጀመሪያ ቀን ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ በር ላይ ቆመው ያዳምጡ የነበሩ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ታዲያ ዝናቡን አባርረው ምን ሊበሉ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የልማዱ ባለቤቶች፣ የአውሮፓዊቷ የስሎቬኒያ ሰዎች፣ የሚያባርሩት ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ፣ ቀኑ አጥሮ፣ ማረሻ ከጎተራ የማይወጣበትን የብርድ ወራት ነው። ለተማሪ ሲያስረዱ ከክረምት ይልቅ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ባቄላውን የሚያቃጥለውን ውርጭ ቢያነሡ፣ ተቀብለው የሚጠሩትም ጸደይ የበልግ ዘር ከሚዘራበት ጊዜ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ቢጨምሩ፣ ነገሩ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

ይህ መመሪያ የስሎቬኒያን የፑስት፣ ማለትም ከጾም በፊት ያሉ የፈንጠዝያ ቀናትን፣ ልማድ፣ በተለይም በፕቱይ ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የሚደረገውን የኩረንት ዙር፣ በትምህርት ቤት ወይም በወጣቶች ማዕከል ለአንድ ቀን በትክክል ለማሳየት ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ብዙ ሰው ሥራውን ከጭምብሉ ይጀምራል፤ ፎቶግራፍ ላይ ዓይን የሚይዘው እሱ ስለሆነ እኔም የጀመርሁት ከዚያው ነበር። ኩረንት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ድምፅ ነው፤ ቀጥሎም ደጅ ላይ የሚቆም እንግዳ ነው፤ ፊቱ የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው። ቃጭሉ በቅጡ ካልጮኸና የሚጎበኘው ቤት ካልተዘጋጀ፣ የሚታየው ነገር አጎዛ የለበሰ ልጅ ብቻ ይሆናል።

ፑስት ማለት ቅበላ ነው

ስሎቬኒያ ከጣሊያን፣ ከኦስትሪያ፣ ከሃንጋሪና ከክሮኤሺያ ጋር የምትዋሰን፣ ሕዝቧ 2 ሚሊዮን ገደማ የሆነ ትንሽ አገር ናት። አብዛኛው አማኝ ካቶሊክ በመሆኑ ከፋሲካ በፊት የሚጾም ጾም አለ፤ ጾሙ የሚገባው «የአመድ ረቡዕ» በሚሉት ቀን ሲሆን፣ ከእሱ በፊት ያሉት የፈንጠዝያ ቀናት ፑስት ይባላሉ። ቃሉ ሥጋን መተው የሚል ትርጉም ካለው «ሜሶፑስት» ከሚል አሮጌ ቃል የመጣ ነው። ስለዚህ ፑስትን በአማርኛ ለማስረዳት ካርኒቫል የሚለውን የውጭ ቃል ከመዋስ ይልቅ ቅበላ ማለቱ ይሻላል፤ ሥጋው፣ ቅቤውና እንቁላሉ ጾም ከመግባቱ በፊት እንዲያልቅ የሚጣደፍ ቤት ምን እንደሚመስል የእኛ ልጅ ያውቀዋልና።

ፑስት ከቅበላ የሚለይበት ነገር የገበሬ ጉዳይ የተቀላቀለበት መሆኑ ነው። ጩኸቱ ብርዱን እንዲያባርር፣ ዝላዩ የምድርን ፍሬ እንዲያበዛ ይታሰባል፤ በአንዳንድ መንደር «ለወፍራም ተርኒፕ» ብለው የሚጨፍሩት ጭፈራ አለ፤ ተርኒፕ ማለት መልኩ ቀይ ሥርን የሚመስል የሥራሥር ተክል ሲሆን፣ ጨፋሪው ከፍ ብሎ በዘለለ መጠን ተክሉ ይወፍራል ይባላል።

የኩረንት አገር በሰሜን ምሥራቅ ስሎቬኒያ፣ በድራቫ ወንዝ ዳር የምትገኘው ፕቱይ እና በዙሪያዋ ያሉት ሜዳዎችና ኮረብታዎች ናቸው። ኩረንቶች፣ በአንዳንዱ መንደር አጠራር ኮራንቶች፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ከሚውለው የሻማ በዓል ጀምሮ እስከ አመድ ረቡዕ ድረስ በቡድን ሆነው፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሰይጣን መስሎ የለበሰ ሰው አስከትለው፣ ከቤት ወደ ቤት ይሮጣሉ። ባለቤቶቹን ከበው ቃጭላቸውን ያስጮኻሉ፣ ዱላቸውን ይወዘውዛሉ፤ ክፉውን ያርቃሉ፣ ለጎበኙት ቤት ደስታ ያመጣሉ ተብሎ ይታመናል። ዩኔስኮ ይህን ከቤት ወደ ቤት የሚደረግ ዙር እ.ኤ.አ. በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በፕቱይ አደባባይ በየዓመቱ የሚታየው ኩረንቶቫንዬ የተባለው ትልቅ ሰልፍ ግን በድራጎ ሃስል አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረ የከተማ ዝግጅት ነው። ሁለቱን አለማምታታት ይገባል፤ ይህ መመሪያ የሚከተለው የመንደሩን ዙር ነው፤ ለትምህርት ቤት ግቢም የሚመቸው እሱው ነው።

ቀኑን አስቀድሞ መቁረጥ

የስሎቬኒያ ፋሲካ የሚቆጠረው በምዕራባውያን አቆጣጠር ስለሆነ የእነርሱ ቅበላና የእኛ ቅበላ አንዳንድ ዓመት ይገናኛሉ፣ አንዳንድ ዓመት በሳምንታት ይራራቃሉ። በ2018 ዓ.ም. የፑስት ማክሰኞ የዋለው የካቲት 10 ሲሆን የእኛ ዐቢይ ጾም ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ የካቲት 9 ገብቶ ነበር። ይህን ሳላስተውል በዚያው ማክሰኞ በእንቁላልና በወተት የተለወሰ ዳቦ ለመጥበስ ዕቅድ አውጥቼ ለወላጆች ማስታወቂያ ከበተንሁ በኋላ፣ አንዲት እናት በትሕትና «የኔታ፣ ለማን ሊሆን ነው?» ብለው ጠየቁኝና ዝግጅቱ በዚያ ዓመት ቀረ።

በ2019 ዓ.ም. ግን ቀኑ ምቹ ነው። የሻማው በዓል ጥር 25፣ የፑስት ማክሰኞ የካቲት 2፣ የአመድ ረቡዕ የካቲት 3 ሲውሉ፣ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ጾመ ነነዌም ከየካቲት 15 በፊት አይጀምርም። ማክሰኞ ትምህርት ያለበት ቀን ከሆነብዎት ከእሱ በፊት ያለውን ቅዳሜ፣ ጥር 29ን ይምረጡ፤ በስሎቬኒያም የፑስት ቅዳሜና እሑድ ዋና የጭፈራ ቀናት ናቸው። ረቡዕና ዓርብን ግን ይተዉ፤ ምክንያቱን መጻፍ አያስፈልግም።

ለምዱ

ሥራው ረጅም ጊዜ የሚወስደው እዚህ ላይ ነው፤ ደስ የሚለው ደግሞ ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ዕቃ ከማንም ሳይለምን ያለው መሆኑ ነው። ኩረንት ከትከሻው እስከ ጉልበቱ፣ ጠጉሩ ወደ ውጭ የዞረ የበግ ቆዳ ይለብሳል። የመንዝ በግ ትንሽና ጠጉሩ ረጅም ስለሆነ፣ ባናም ሆነ ዝተት የሚሠራበት ያው ጠጉር ከነቆዳው ሲለበስ በፎቶግራፍ ከሚታየው ኩረንት ጋር በጣም ይቀራረባል። ጠጉሩ አጭር የሆነ የቆላ በግ ቆዳ ቢገኝ እንኳ ባይጠቀሙበት ይሻላል፤ ኩረንቱ ሲዘል ጠጉሩ አብሮት መነሣትና መውደቅ አለበት።

ለአንድ አዋቂ 4 ወይም 5 ቆዳ፣ ለ12 ዓመት ልጅ 3 ቆዳ ይበቃል። ጊዜው የሚመቸው ከገና በኋላ ነው፤ በየቤቱ በግ የሚታረድበት ቀን በመሆኑ ቆዳ በርካሽ ይገኛል፣ ከዚያ እስከ ጥር መጨረሻም አንድ ወር አለ። ጥሬ ቆዳ ከገዙ በዚያው ዕለት ሥጋና ስብ የቀረበትን በቢላዋ ጀርባ ፍቀው፣ ጨው በደንብ ነስንሰው፣ በጥላ ወጥረው ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይሰነጠቃል። ደርቆ ያልለፋ ቆዳ ግን ለመልበስ አይሆንም፤ ሲታጠፍ ይጮኻል፣ ሲሞቅ ይሸታል። እኔ ጨው ቆጥቤና ማልፋቱን ትቼ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ለምድ ከሦስት ቀን በላይ በክበቡ ክፍል ውስጥ ሊቆይ አልቻለም፤ ሽታው ጎረቤት ያለውን የቤተ መጻሕፍት ክፍል እንኳ ዘልቆ ነበር። ስለዚህ የምመክረው ቆዳ ማልፋት ለሚያውቁ ባለሙያዎች መስጠትን፣ ገንዘብ ከበቃ ደግሞ ለመቀመጫ ተብሎ የተዘጋጀ አጎዛ ከገበያ መግዛትን ነው። አጎዛ የገዛ ሰው ከሥራው ግማሹን ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ስፌቱ በወስፌና በጠፍር ቢሆን ይጠነክራል፤ የልብስ ስፌት መኪና ጠጉሩን ይበላና ይቆማል። ሁለት ቆዳ ለፊት፣ ሁለት ለኋላ አድርገው በትከሻ ላይ ያገናኙ፤ ጎንና ጎኑን እስከ ታች አይስፉት፤ ከወገብ በታች ክፍት ካልሆነ ልጁ መዝለል አይችልም። ከውስጥ አሮጌ የጥጥ ልብስ ቢለጠፍበት ላብ ይጠጣል። ስሎቬኒያ ውስጥ የአንድ ኩረንት ሙሉ ልብስ ከነቃጭሉ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ለተማሪ ግን ሁሉም ተደምሮ ከ10 ኪሎ ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። የደብረ ብርሃን ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ፕቱይ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሰው የማያውቀውን የትንፋሽ ማጠር የእኛ ልጅ በአምስተኛው ዝላይ ላይ ያገኘዋል።

እግሩ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ የሱፍ ገምባሌ እና ከባድ ቦት ጫማ ይደረጋል። ገምባሌውን ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች ከአካባቢው ጠጉር ፈትለው ሊሠሩት ይችላሉ። ቦት ጫማው ጌጥ እንዳይመስልዎት፤ ኩረንት የሚያርፈው በሙሉ ተረከዙ ስለሆነ ሸራ ጫማ ያደረገ ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ሊጎዳ ይችላል።

ቃጭሉ

በኩረንት ወገብ ዙሪያ በሰንሰለት የሚታሰሩት፣ ብዙውን ጊዜ 5 የሆኑ ትልልቅ የከብት ቃጭሎች ናቸው። ድምፃቸው ቀጭን አይደለም፤ ጎርናና፣ ወፍራም፣ ብረት ከብረት ጋር የሚጋጭበት ድምፅ ነው። በእኛ ዘንድ በበቅሎ አንገት የሚንጠለጠለው ትንሽ ቃጭል ይህን ድምፅ ስለማይሰጥ አሥሩን ቢያስሩ እንኳ የሠርግ በቅሎ እንጂ ኩረንት አይሆንም። የቤተ ክርስቲያን ቃጭልና ጸናጽል ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ መወሰድ የለባቸውም፤ ተማሪ ከቤቱ አምጥቶ ቢገኝ እንኳ ይመልሱት።

መፍትሔው ብረት ሠሪ ዘንድ መሄድ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ፣ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አፉ ሰፊ ጫፉ ጠባብ ሆኖ ይታጠፍና ጎኑ ይበየዳል፤ ምላሱ ከትልቅ ቡሎን ይሠራል። ብየዳው ከታች እስከ ላይ ከተደፈነ ድምፁ ይታፈናል፤ በሦስት ቦታ ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርጎ እንዲበይደው ይንገሩት። አምስቱ በመጠን ትንሽ ትንሽ ቢለያዩ ድምፃቸው አንድ ላይ ሲመጣ ይወፍራል። ሰንሰለቱ ከወገብ በላይ ጠበቅ ተደርጎ በለምዱ ላይ ይታሰር፤ ከላላ ቃጭሎቹ የዘለለውን ልጅ ጭን ይደበድባሉ፤ ከሥሩ ወፈር ያለ የቆዳ መታጠቂያ ማስገባቱ ይጠቅማል።

ጭምብሉና ዱላው

ጭምብሉ ከቆዳ ይሠራል። ዓይንና አፍ የሚገቡበት ቀዳዳ በቀይ ቀለም ይከበባል፣ አፍንጫው ረዝሞ እንደ ኩምቢ ይወጣል፣ ጥርሱ በክር ከተሰካ ነጭ ቦሎቄ ይደረደራል፣ ከቀይ ጨርቅ የተሠራ ረጅም ምላስ እስከ ደረት ይወርዳል። ራሱ ላይ የሚወጣው ነገር እንደ አካባቢው ሁለት ዓይነት ነው፦ በማርኮውጺ በኩል ያሉት ላባ ይተክላሉ፣ በሃሎዜና በስሎቬንስኬ ጎሪጼ ኮረብታዎች ያሉት ደግሞ የከብት ቀንድ ያወጣሉ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ እንጂ ላባና ቀንድ በአንድ ራስ ላይ አይቀላቅሉ፤ ቀላል የሚመስል ጉዳይ ቢሆንም ይህን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቀንድ በየሥጋ ቤቱ ደጅ ስለሚገኝ ለእኛ የሚቀለው ባለቀንዱ ነው፤ ከጀርባው ወደ ታች የሚወርድ ባለቀለም ጥብጣብ ይጨመርበታል። ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጭምብሉን ከአፍንጫ በላይ ብቻ አድርጎ መሥራት ተገቢ ነው።

በግራ እጁ የሚይዘው ዱላ ጫፍ ላይ የጃርት እሾህ ይጠመጠማል። የስሎቬኒያው ጃርት ግን የእኛ ገበሬ ድንች የሚበላበት፣ እሾሁ ክንድ የሚያህለው ጃርት አይደለም፤ ጭብጥ ብሎ የሚተኛ፣ እሾሁ ከጣት አንጓ የማይበልጥ ትንሽ እንስሳ ነው። ስለዚህ የእኛን ጃርት እሾህ መጠቀም ጭካኔና አደጋ ከመሆኑም በላይ አምሳያውም ስሕተት ነው። ደረቅ ሰንበሌጥ በአጭሩ ቆርጦ በዱላው ጫፍ በጥብቅ ማሰር ከሩቅ ሲታይ ያንኑ ይመስላል፣ ሰውም አይወጋም።

አንድ የማይረሳ ነገር አለ፤ እሱም መሐረብ ነው። በቀድሞው ልማድ ኩረንት ሊሆን የሚችለው ያላገባ ወጣት ወንድ ብቻ ሲሆን፣ ልጃገረዶች መሐረብ እየሰጡት ያስርና በብዛቱ ይኮራ ነበር። ዛሬ ያገቡትም፣ ሴቶችም፣ ልጆችም ይለብሳሉ። በትምህርት ቤት እያንዳንዱ ክፍል አንድ መሐረብ ጠልፎ ቢሰጥ ልማዱም ይታያል፣ ያልለበሱትም ተማሪዎች ድርሻ ያገኛሉ።

ዝላዩና የቤት ለቤት ዙሩ

ኩረንት አይራመድም፤ ወገቡን ከጎን ወደ ጎን እየወረወረ በሁለት እግሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ሲያርፍ አምስቱ ቃጭሎች በአንድ ጊዜ ይመታሉ። ልምምዱን ያለ ለምድ፣ ቃጭሉን ብቻ አሥረው ይጀምሩ፤ ልጆቹ ትከሻቸውን ማንቀጥቀጥ ይቀናቸዋልና ይህ እስክስታ እንዳልሆነ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ጉልበት ሳይሆን ወገብ እንዲሠራ፣ ትከሻ ዝም እንዲል ያድርጉ። ሁለት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ልምምድ ለስምንት ልጆች በቂ ነው፤ ከስምንት በላይ ከሆኑ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጆሮ የሚያደነቁር ይሆናል።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ኩረንት መድረክ ላይ ከወጣ ግማሹ ትርጉሙ ይጠፋል፤ የሚሄደው ወደ ሰው ደጅ ነው። የትምህርት ቤቱን ግቢ እንደ መንደር ከፋፍለው፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የመምህራን ክፍሉን፣ የጥበቃ ቤቱንና የምግብ ማብሰያውን እንደ አራት ቤት ይቁጠሩ፤ በእያንዳንዱ ደጅ ላይ እንግዳውን የሚቀበል «ባለቤት» ይመድቡ። ቡድኑ ከሩቅ በቃጭል ድምፅ ይታወቃል፣ ይደርሳል፣ ባለቤቱን መሐል አድርጎ ክብ ይሠራል፣ በኃይል ይዘላል። ቀደም ባለው ጊዜ አንዳንድ የቤት እመቤት ለጤናና ለዕድል ብላ በኩረንቶቹ እግር ሥር የሸክላ ዕቃ ትሰብር ነበር፤ የተሰነጠቀ ገንቦ ወይም አሮጌ ምጣድ ከተገኘ ይህን ማድረግ ይቻላል፣ ስባሪው ግን ወዲያው ይጠረግ። ባለቤቱ በስተመጨረሻ ለእንግዶቹ የሚበላ ወይም የሚጠጣ ነገር ያቀርባል። በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹ ሁሉ «ሆያ ሆዬ ነው እኮ!» ማለታቸው አይቀርም፤ ዱላ ይዞ፣ በቡድን ሆኖ፣ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ባለቤቱን መርቆ ሙልሙል መቀበልን ከነሐሴ ጀምሮ ያውቁታል። ተመሳሳይነቱን ይቀበሉላቸው፣ ግን ዘፈኑን አያስገቡ፤ ኩረንት ግጥም የለውም፣ የሚናገረው ቃጭሉ ነው።

ሰይጣኑን በተመለከተ ምክሬ ጥንቃቄ ነው። ስሎቬኒያ ውስጥ የቡድኑ አባል መሆኑን መደበቅ ልማዱን መቁረጥ ይሆናል፤ አንድን ልጅ ሰይጣን አድርጎ ማልበስ ደግሞ በአገራችን ከወላጅ ጋር የሚያጣላ ነው። አንድ ፈቃደኛ መምህር ፊቱን ሳይሸፍን ቀይ ልብስ ለብሶ፣ መረብ ይዞ እንዲሄድና ማን እንደሆነ ተራኪው በቃል እንዲናገር ማድረግ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ከጎኑ የሚጨመሩ

ጊዜ ካለ ከኩረንት ጋር የሚወጡ ሌሎችም አሉ። ፖካች የሚባለው ጅራፍ አጩዋሂ ነው፤ ለቡሄ ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ ያለ ምንም ሥልጠና ዛሬውኑ ሊሠራው ይችላል፤ ምናልባት ከዚህ ዝግጅት ሁሉ ስሎቬኒያዊን ሊያስገርም የሚችለው የእኛ ልጅ የጅራፍ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። ኦራቺ የተባሉት አራሾች ደግሞ ትንሽ የእንጨት ማረሻ በገመድ እየጎተቱ በግቢው ላይ ክብ ያርሳሉ፣ ለባለቤቱ መልካም ምርት ይመኛሉ። ማረሻውን ሲሠሩ በገመድ የሚጎተት ያድርጉት፤ ቀንበር በልጅ ጫንቃ ላይ ማስቀመጥ የስሎቬኒያም ልማድ አይደለም፣ ለእኛም ዓይን አያምርም። በሃንጋሪ ድንበር ባለችው በፕሬክሙርዬ፣ ከፑስት በፊት በመንደሩ ሠርግ ካልተደረገ ሰዎች የጥድ ዛፍ ቆርጠው ከሰው ጋር በቀልድ የሚድሩበት ልማድም አለ፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ዝግጅት ይጠይቃል።

ከሁሉ ይልቅ ልጆቹ የወደዱት በምዕራብ ስሎቬኒያ የምትገኘው የፀርክኖ ከተማ ላውፋሪያ ነው። ልማዱ ተቋርጦ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1956 እንደገና የተነሣ ሲሆን፣ ጨፋሪዎቹ ከእንጨት የተፈለፈለ ጭምብል ያደርጋሉ። ከመካከላቸው ፑስት የተባለው፣ ባለ ቀንዱ፣ ባለፈው ዓመት ለደረሰው ክፉ ነገር ሁሉ ተከስሶ ለፍርድ ይቀርባል፤ ማክሰኞ ዕለት ፍርዱ ተነቦ «ይገደላል»። ክሱን ለመጻፍ ሸዋ ውስጥ ብዙ መቸገር አያስፈልግም፤ ከሳሹና ተከሳሹ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በግጥም የሚሟገቱበትን የአያቶችን የችሎት ወግ ትልልቆቹ ተማሪዎች ሰምተውታል። ውርጩ ባቄላውን ስለማቃጠሉ፣ በልጉ ስለመዘግየቱ፣ የግቢው ቧንቧ ስለመድረቁ ፑስት ይጠየቅ። አንድ ገደብ ብቻ ያኑሩ፦ ክሱ ውስጥ የሰው ስም አይግባ። በላ ልበልሃው የእኛ ማስዋቢያ መሆኑንም ተራኪው ይናገር፤ በፀርክኖ ክሱ የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ክሮፊ

ያለ ክሮፊ ፑስት የለም። መሐሉ ማርማላታ የሆነ፣ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት የመሰለ ቀለበት ያለው የተጠበሰ ዳቦ ነው፤ ቀለበቱ ካልወጣ የስሎቬኒያ ባለሙያ ሴት አትቀበለውም። ለ20 ፍሬ ያህል ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 5 የእንቁላል አስኳል፣ 60 ግራም ለጋ ቅቤ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ትንሽ ጨውና የአንድ ሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ ያስፈልጋል። እዚያ አንድ ማንኪያ ሩም ይጨምራሉ፤ ለተማሪ ስለሆነ እኛ ትተነዋል። ሊጡ እጅ እስኪለቅ ይታሽና ይሸፈናል። በጥር ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ለማበጥ ሁለት ሰዓት ሊፈጅበት ይችላልና ከምድጃው አጠገብ ያኑሩት። ካበጠ በኋላ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይዳመጣል፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፣ በጨርቅ ላይ ተደርድሮ እንደገና ያብጣል።

ምስጢሩ ያለው አጠባበሱ ላይ ነው። ዘይቱ በመጠኑ ይሙቅ፤ የሚጨስ ከሆነ ውጪው ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ላይኛውን ፊት ወደ ታች አድርገው ይጨምሩና ድስቱን በክዳን ይክደኑ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይገልብጡና ክዳን ሳያደርጉ ሌላውን ፊት ይጥበሱ። በደንብ ያበጠ ሊጥ ግማሹ ከዘይቱ በላይ ስለሚንሳፈፍ መሐሉ ዘይት አይነካውም፣ ቀለበቱም የሚወጣው በዚህ ነው። በስሎቬኒያ የሚሞላበት ማርማላታ የአፕሪኮት ነው፤ ካልተገኘ በሱቅ ያለውን የብርቱካን ማርማላታ ይጠቀሙ። በላዩ የደቀቀ ስኳር ይነስንሱበት።

ሲያበቃ

ቃጭሎቹን በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠርገው ደረቅ ቦታ ይስቀሉ። ለምዱን አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ አይክተቱ፤ የእጥፉ መስመር ይሰነጠቃል፣ ብልም ይገባበታል። በሰፊ እንጨት ላይ ሰቅለው፣ በወር አንድ ጊዜ ጥላ ያለበት ነፋስ ላይ አውጥተው በዱላ ያራግፉት። መሐረቦቹን ፈትተው ለየክፍሎቹ ይመልሱ፤ ክረምት ገብቶ እርጥበቱ ሲበረታ ለምዱን ጭስ ወዳለበት ቤት፣ ለምሳሌ ወደ ምግብ ማብሰያው ጣሪያ ሥር፣ ማዛወር ይጠቅማል።